አምስተኛው ቤት

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አየሩ ብራ ነው፤ ከሐይቁ ግን ነፋስ አለ። የተገኙት፦ ከወንድ ወገን አለቃ ጥዑመ ልሳን፣ የልጁ አጎት ቄስ ሀብተ ሥላሴ እና ስማቸውን ያልያዝሁት አንድ ሽማግሌ፤ ከእኛ ወገን እኔ ብቻ። ልጄ ወንጌላዊት ማድ ቤት ነበረች፤ በሩ ክፍት ነበር።

ይድረስ ለአባ ወልደ ሐዋርያት፤

እንደ ቃለ ጉባኤ ጀመረችው ብለው ይስቁብኛል። ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የእድር ቃለ ጉባኤ ነበር። ዛሬም ቀኑን፣ አየሩንና የተገኙትን ሰዎች ካላስቀደምሁ እጄ አይፈታልኝም። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለጀልባው ገድሉ «አባን እንጨት ተሸክመው አየኋቸው» አለኝ። እንዲህ ከሆነ የላክሁልዎትን ቅባት አልተቀቡትም ማለት ነው። ገዳሙ ሴት የማትረግጠው ባይሆን ኖሮ መጥቼ እራሴ አሸው ነበር። እርስዎም ስልክ አይዙ፣ ያለን ወረቀትና የገድሉ ጀልባ ነው።

ለጠየቁኝ መልሱ፣ አዎ፣ ሽማግሎቹ መጥተዋል፤ ዘርም ተቆጥሯል። ግን አልሆነም።

አለቃ ጥዑመ ልሳንን ያውቋቸዋል፤ የደቅንና የዘጌን ሰው ትውልድ በቃላቸው የያዙ ናቸው። ሁለት ሰው ደግፎ ነው ከጀልባ ያወረዳቸው፤ አእምሯቸው ግን አልደከመም። የልጁን የባምላክን ወገን ቆጥረው ሲያበቁ ወደኔ ዞሩ።

«በይ አንቺ ደግሞ አምጭው። ከሰባት ቤት ወዲህ ከተገናኙ ሠርግ የለም፤ በከንቱ ዶሮ እንዳታርጅ» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ጀመርሁ። ከኔ በፊት አባቴ ዘለቀ፣ ከዚያ አያቴ ወንድምነህ፣ ከዚያ ገብረ መስቀል። ከወንጌላዊት አምስተኛው ቤት ላይ ደርሼ ወለተ ሥላሴ ስል አለቃ እጃቸውን አነሡ።

«የደቋ ወለተ ሥላሴ?»

«አዎ አለቃ።»

«የባምላክም አምስተኛው ቤት እሷው ናት። ሁለት ወንዶች ወለደች፤ አንዱ ደቅ ቀረ፣ አንዱ ወደ ዘጌ ተሻገረ። እነዚህ ልጆች የአንዲት ሴት ዘር ናቸው።»

ማድ ቤት ውስጥ የዕቃ ማጠቡ ድምፅ ቆመ።

ቄስ ሀብተ ሥላሴ «እግዚአብሔር ቀድሞ አሳየን፤ ልጆቹን ከኃጢአት ጠበቃቸው» አሉ። ሁሉም «ይመስገን» አሉ። አባ፣ እኔም «ይመስገን» አልሁ።

እርስዎና እኔ የምናውቀውን እነሱ አያውቁም። ወንጌላዊት የዘለቀ ዘር አይደለችም። እኔ አልወለድኋትም። የወለድሁት ልጅ በተወለደ በማግሥቱ ሞቶ፣ ጡቴ ወተት ይዞ በተቀመጥሁበት ሰሞን፣ ያኔ ዲያቆን የነበሩት እርስዎ ክርስትና እንኳ ያልተነሣች ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ከሐሙሲት አመጡልኝ። እናቷ ኪዲ በወሊድ ሞታ ነበር። አባቷ ዳኘው «እንደ ልጃችሁ አሳድጉልኝ፤ አትንገሯት፣ እኔም አልመጣባችሁም» ብሎ ሰጠዎት። ቃል ተገባባን። ጎረቤት እርጉዝ ሆኜ አይቶኛል፣ የልጄን ሞት አልሰማም፣ ሕፃን ይዤም አየኝ፤ ማንም አልጠየቀም። ባለቤቴ ኪዳነ ወልድ ከሞተ ወዲህ ይህን የምናውቅ እርስዎ፣ እኔና ዳኘው ብቻ ነን።

እንግዲህ ዝም ካልሁ ልጄ እንደሆነች ትቀራለች፤ የምትወደውን ሰው ግን ታጣለች፣ ያውም በሌለ ዝምድና። ከተናገርሁ ባምላክን ታገኛለች። እኔን ግን

ይህን መስመር መጨረስ አቃተኝ፤ እንዲሁ ልተወው።

እኅትዎ አደይ


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት ጭጋግ ነበር፣ አሁን ተገፍፏል። የምጽፈው ከምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ጓሮ ነው። የተገኘ ሰው የለም፤ ገመድ ላይ የተሰጡ አንሶላዎች ብቻ።

አባ፤

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ያለችው ቃል አንድ ናት። «ንገሪያት» ለማለት ብቻ ይህን ሁሉ ውኃ ማቋረጥ ነበረበት?

ልቆጣ ነው። ለጥቂት መስመር መነኩሴ መሆንዎን ልርሳውና በጀርባዬ ያዘልሁህ ብሥራት ነህ ልበል። ብሥራት፣ አንተ ሴት የማትደርስበት ደሴት ላይ ነህ። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን ደጃፍ አውልቃ «እማዬ ምን በላሽ» የምትልህ የለችም። እኔ አለችኝ። ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። እንዲህ ቀላል አድርገህ አትጻፍልኝ።

ይቅር ይበሉኝ አባ። ወጣልኝ።

ስለ እሷ ለጠየቁኝ፣ ትምህርት ቤት ሄዳ ሕፃናቱን አስተምራ ትመለሳለች። የሰጠኋትን ትበላለች። ሽማግሎቹ እንዳይደዋወሉ ስለከለከሏቸው ስልኳን ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው። አታለቅስም። በቀደም ሽንኩርት ስንልጥ «እማዬ፣ ወለተ ሥላሴ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ከዘለቀም አባት በፊት ናት።»

«እንዲያው ያንን ሁለተኛውን ባትወልደው ምን ነበረበት?» ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም።

አሁን ያሰብሁትን ልንገርዎት፤ ከተናገርሁት በኋላ ብቻ እንዳይሰሙት። አለቃ ጥዑመ ልሳን ዘንድ ዘጌ ልሄድ ነው። «ገብረ መስቀል የወለተ ሥላሴ የማደጎ ልጅ ነበር፤ አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል» እላለሁ። ከዚህ በኋላ ዝምድናው ይፈርሳል፣ ሠርጉ ይቆማል፣ ወንጌላዊትም ልጄ እንደሆነች ትቀራለች። ገብረ መስቀል ከሞተ ዘመናት አልፈዋል፤ አይከፋውም። ማን ይጎዳል? እርስዎ እስኪመልሱልኝ አልጠብቅም፤ ጥር እየደረሰ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስቸግረኛል። ጧፍ ተጠቅልሎባት የመጣች ቁራጭ ወረቀት ከመስተዋቱ ጀርባ ሰክቻለሁ፤ ከድሮ ጀምሮ አለች። እግዚአብሔር ብርሃን መሆኑን ትናገራለች፤ ቅንጣት ጨለማ የለበትም ትላለች። ከሱ ጋር ነኝ እያለ በጨለማ የሚሄድ ሰው ዋሾ እንደሆነም ትናገራለች። ከታች «በብርሃን የሚሄዱ ግን» ይልና ተቀዷል። ቤት ሙሉው መጽሐፍ አለ። ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ከ«ግን» ወዲያ ያለው ፍርድ ስለሚመስለኝ ፈርቼ ነው ያልከፈትሁት። እሱ ብርሃን ብቻ ከሆነ፣ እኔ ለፍቅር ብዬ ያጠፋሁት መብራት ምን ይባላል? ጨለማ ነው? ልጅን ያህል ነገር ያሳደግሁበት ጨለማ ይባላል?

አደይ


ከገዳም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አንቺን ልምሰል፦ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። የተገኙት እኔ፣ የታመመው ጉልበቴና ቅባትሽ ናቸው። ተቀብቻለሁ።

ለእትዬ አደይ፤

ስለ ቁጣሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ብሥራት ያልሽበትን መስመር ደግሜ አነበብሁት፤ በዚያ ስም ሰው ከጠራኝ ቆይቷል። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዳር ቆሞ ቃል መወርወር ቀላል ነው፤ ደግሞም ቃሉን ከተገባባነው አንዱ እኔ ነበርሁ። ሕፃኗን ተሸክሜ የመጣሁት እኔ፣ «ለማንም አይነገር» ያልሁትም እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ለሁላችንም የሚበጅ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ከኔ በኩል ያለውን ጀምሬያለሁ፤ ወደ ሐሙሲት ለዳኘው መልእክት ላክሁ። የመለሰው «በጠሩኝ ቀን እመጣለሁ» የሚል ነው። አሁንም ያው አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሻይ ቤት አለው።

ስለ ገብረ መስቀል። ደግ ሰው እንደነበር ከአባታችን ሰምተናል፤ አይከፋውም ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ልታደርጊ ያሰብሽውን እዪው። በአንቺ ቤት የሆነውን ወስደሽ ለእሱ ልታለብሺው ነው። ታሪኩ ያው ነው፤ የተለወጠው ሰውየው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ስትናገሪው እውነት መስሎ የሚታይሽ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት የተዘጋ በር ትጠብቂያለሽ። የወንጌላዊት ልጆችም ሲወለዱ በሌለ ዘር ይቆጠራሉ፣ የልጅ ልጆቿም እንዲሁ። አለቃ ጥዑመ ልሳን ያን ሁሉ ዘመን ተጠንቅቀው የያዙት ነገር በአንቺ አፍ ይበላሻል።

የጠየቅሽኝን ግን በችኮላ አልመልስም። ጡት ሰጥተሻታል፤ በታመመች ጊዜ ሌሊቱን ሳትተኚ አድረሻል። ይህ ሁሉ ብርሃን ነው፤ ማንም ጨለማ አይለውም። ጨለማው ትንሽ ነው፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው ማን እንደሆነች እሷ አለማወቋ ነው። የወለደች እናት የምታደርገውን ያደረግሽ መስሏታል። ሳትወልጃት እንዳደረግሽው አታውቅም።

አንቺ ብርሃን ሲባል ፖሊስ የሚያበራው ባትሪ ይመስልሻል። እኔ ከዚህ የማየው ሌላ ነው። በጭጋግ ጠዋት ታንኳ ላይ ያለ ሰው ሐይቁ ላይ ብቻውን የሆነ ይመስለዋል፤ ይፈራል፣ ይጣራል። ጭጋጉ ሲነሣ አጠገቡ ሌሎች ታንኳዎች አሉ። ቀድሞም ነበሩ። ቁራጭሽ ላይ ከ«ግን» ቀጥሎ ያለው ፍርድ አይደለም፣ እትዬ። በብርሃን የሚሄዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው አንድነት ይኖራቸዋል ነው የሚለው። ያን ሁሉ ዘመን የፈራሽው ይህን ነው።

ሄድሽ ወይስ ቀረሽ? ጻፊልኝ።

ወንድምሽ አባ ወልደ ሐዋርያት


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብራ ነው፤ ነፋስ የለም። የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቤቱ ውስጥም ሌላ ሰው የለም።

አባ፤

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዘጌ ከተመለስሁ በኋላ ነው። ሄጃለሁ።

አለቃ ጥዑመ ልሳን ደጃፋቸው ላይ አጎዛ ዘርግተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ስስም እጄን ያዙኝና አውራ ጣቴን ወደ ብርሃኑ አዞሩት።

«ይኸውላችሁ፤ ወደ ኋላ የሚቆለመመው ጣት» አሉ። «ገብረ መስቀል መቅዘፊያ ሲይዝ ጣቱ እንዲህ ይቆለመም እንደነበር አያቴ ነግረውኛል። የወለተ ሥላሴም ነው አሉ። ከዚያች ሴት ያልወጣ ሰው ይህ ጣት የለውም። ከማን ሰረቅሽው?»

ቤተሰባቸው ሳቀ። ያዘጋጀሁትን ቃል ሳልናገረው ቀረሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ «የልጅሽስ ጣት እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም፣ አለቃ።»

«የአባቷን ይዛ ነዋ።»

«አዎ፤ የአባቷን ነው» አልሁ።

አባ፣ ያልሁት እውነት ነው። ቃል በቃል እውነት ነው፤ እሳቸው ግን የሰሙት ሌላ ነው፣ ሌላ እንዲሰሙም ፈልጌ ነው ያልሁት። በገድሉ ጀልባ ስመለስ ያስፈራኝ ይህ ነው። እውነት እየተናገርሁ እንኳ ማጨለም ለምጃለሁ። ቤት ስደርስ ደብዳቤዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ወንጌላዊት ከገድሉ ሚስት ተቀብላ ሳትከፍተው ማሰሮ አስደግፋ አስቀምጣልኛለች።

በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ ዳር ይዣት ወረድሁ። ማታ አልፈለግሁም። ጥላ እንኳ እግር ሥር የሚገባበትን ሰዓት መረጥሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን።

«ወንጌል፣ ያልነገርሁሽ ነገር አለ።»

«ታመሻል?»

«አልታመምሁም።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ምን ያስቸኩልሻል።»

ነገርኋት። ያልሁትን እዚህ አልደግመውም፤ እርስዎ ያውቁታል። ስጨርስ «ኪዲ» አለች። «ኪዲ ነው ስሟ?»

«አዎ።»

«ስትሞት ልጅ ነበረች?»

«ካንቺ ታንስ ነበር።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። ለራሷ አልነበረም፤ ለኪዲ ነው። እኔም አብሬያት አለቀስሁ፤ ኪዲን በሰው ፊት አልቅሼላት አላውቅም ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ወደኔ ዞረች።

«ሽማግሎቹ ሲቆጥሩ ዝምድናው እንደሌለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ማድ ቤት ሆኜ ሰማሁሽ። ‹ይመስገን› አልሽ።»

«አልሁ።»

«እኔን የከበደኝ ይሄ ነው» አለች። «ያኛው አይደለም። ያኛውን አስብበታለሁ። ይሄን ግን እስካሁን ድረስ እንዴት አብረሽኝ ሽንኩርት እየላጥሽ ቻልሽው?»

«ለሽማግሎቹ የምነግረው አንቺ ስትፈቅጂልኝ ነው፣ ነገሩ ያንቺ ነው» አልኋት። ቤት ገብታ ትንሽ ቦርሳ ያዘችና ጓደኛዋ ዘንድ ሄደች። ልብሷን ወሰደች፤ የጥርስ ብሩሿን ትታዋለች። ረስታው ነው ወይስ ትታው? ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ።

እንግዲህ ወደ እርስዎ ልትመጣ ትችል ይሆናል፣ የሚጠየቅ ሌላ ሰው የላትምና። መጥታ ከሆነ ይንገሩኝ። ምን አለች ብዬ አልጠይቅም፤ በልታ እንደሆነ ብቻ።

አደይ


ከገዳም፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብራ፤ ውኃው ዝም ብሏል። የተገኙት፦ እኔ ከዳር፣ ወንጌላዊት ከጀልባ፣ ገድሉም ከሞተሩ ጋር።

እትዬ፤

በልታለች። ገድሉ ዳቦ ይዞ ነበር፤ እየተነጋገርን ግማሹን ጨረሰችው። ይህን ካስቀደምሁ በኋላ የቀረውን ልጻፍ። «ለእማዬ መንገር ይችላሉ» ብላኛለች።

ሴት ደሴቱን አትረግጥምና ገድሉ ሞተሩን አጥፍቶ ዳሩ ላይ እስከበቀለው ደንገል ድረስ አስጠጋት። እኔ ከዳር ድንጋይ ላይ ቆምሁ። በመሐላችን ያለው ውኃ ጀልባዋን አንድ ጊዜ ያቀርባታል፣ አንድ ጊዜ ያርቃታል፤ ስትርቅ ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን፣ ስትቀርብ ዝቅ። ገድሉ የማይሰማ ለመምሰል ሞተሩን ጨርቅ ይዞ ይወለውል ነበር። በሕይወቱ ወልውሎት አያውቅም።

«በምን ይዘውኝ መጡ?» አለች።

«በአውቶቡስ፣ ከሐሙሲት።»

«አለቀስሁ?»

«እስከ ባሕር ዳር መግቢያ ድረስ። ሾፌሩ ‹ዲያቆን፣ ይቺን ከየት አመጣሃት፣ መዝሙር ብታስተምራት ይሻላል› አለኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ጀልባዋ ራቅ አለች፤ ስትመለስ ሳቁ ጠፍቶ ነበር።

«እማዬ ስትቀበለኝ ምን አለች?»

እትዬ፣ አንቺ ይህን ረስተሽው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። ልጅሽን ከቀበርሽ ሳምንት አልሞላሽም ነበር። ሕፃኗን ስሰጥሽ ታለቅሻለሽ ወይም እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንቺ ግን ጋቢውን ገልጠሽ እግሯን ነካሽና «ይቺ ልጅ በርዷታል» አልሽ። ሌላ ምንም አላልሽም። ይህንኑ ነገርኋት።

ገድሉ መወልወሉን ተወ። በመጨረሻ «ለሽማግሎቹ ትንገራቸው» አለችኝ። «ዳኘውም ይምጣ። ቤት የምመለሰው ግን ሲቆጠር ነው፤ እስከዚያ ተቀይሜያለሁ፣ ልቀየም።»

«ተቀየሚ» አልኋት። የገባሽ እንደሆነ ደግ ነገር ነው፣ እትዬ። ለቂሟ ቀን ቆርጣለታለች።

ወንድምሽ


ባሕር ዳር፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብራ ነው፣ ነፋሱ ትንሽ አቧራ አለው። የተገኙት፦ አለቃ ጥዑመ ልሳን፤ ቄስ ሀብተ ሥላሴ፤ አምና ስማቸውን ያልያዝሁት ሽማግሌ፣ አቶ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ፤ ከእኛ ወገን እኔ እና ከሐሙሲት የመጣው ዳኘው። ባምላክ ደጅ። ወንጌላዊት ሳሎን ውስጥ፣ ከእኛ ጋር ተቀምጣ።

አባ፤

አምና ያልሁት ኅዳርን ነው፤ ዓመት መስሎኝ ነው። የሰፈሩን ነገር ለጠየቁኝ፣ ሁሉም ሰምቷል፤ እድር ላይ አንዷ «እኛን ሁሉ አታለልሽን» አለችኝ። «አዎ፣ ይቅር በሉኝ» አልሁ። ሌላ የምትለው አጣች። ሌላዋ ደግሞ ቤት መጥታ የራሷን ነገረችኝ፤ የሷ ስለሆነ አልጽፈውም።

ለሽማግሎቹ ከገና በፊት ነግሬያቸው ነበር። ቄስ ሀብተ ሥላሴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ፣ መልሰው ተቀመጡ። «እኔ እኮ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ» አሉ። አለቃ «አሁን ደግመህ አመስግን፤ የፊተኛው አላለቀም» አሏቸው። ጡት ማጥባቴ ዝምድና ይሆን እንደሆነ ቄሱ ሲጠይቁም አለቃ «ከጡት ወንድሟ ጋር ብትሆን እኔው ቀድሜ እከለክል ነበር፤ ወተት እስከ አምስተኛ ቤት አይፈስም» አሉ።

ዛሬ ዳኘው የተዋሰው ኮት ለብሶ መጣ፤ እጅጌው ያጥረዋል። ወንጌላዊት በሩን የከፈተችለት እራሷ ናት። ሁለቱም ምን እንደሚባል አላወቁም። እሱ «ደኅና ዋልሽ» አለ፤ እሷ «ይግቡ» አለች። ሲቀመጥ እጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አውራ ጣቱን አየሁት፤ ቀጥ ያለ፣ አጭር፣ የእሷው ነው። እሷም አየችው።

አለቃ «የራስህን ቁጠር፣ ከዚያ የሟቿን» አሉት። ሳይደናቀፍ ሰባት ቤት የራሱን ቆጠረ፤ ሳይደናቀፍ ሰባት ቤት የኪዲን ቆጠረ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ «የሟችን ወገን ይህን ያህል ዘመን እንዴት ያዝኸው?» አሉት።

«ለሠርጌ ጊዜ ነው ያስጠኑኝ» አለ። «ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱን ስከፍት ጠዋት ጠዋት እደግመዋለሁ። ልጂቱ አንድ ቀን ትፈልገው ይሆናል ብዬ።»

ወንጌላዊት ቀና ብላ ደኅና አድርጋ አየችው።

አለቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ከባምላክ ወገን ጋር አስተያዩት፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «አይገናኝም» አሉ። «በየትም በኩል አይገናኝም። በይ ልጄ፣ እንግዲህ እራስሽ በአፍሽ ቁጠሪው፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ እንስማ።»

ተነሥታ ቆመች። «ወንጌላዊት» አለች፤ «የአደይ፣ የዘለቀ፣ የወንድምነህ፣ የገብረ መስቀል፣ የወለተ ሥላሴ፣»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አለቃ። «ያኛው ቀርቷል እኮ። የደከምነው ለምን ሆነና?»

«አልቀረም አለቃ። እጨርሰዋለሁ፣ ከዚያ የአባቴን፣ ከዚያ የኪዲን።»

«ለጋብቻው እኮ አያስፈልግም።»

«ለጋብቻው አይደለም። አሁን እማዬ ማን እንደሆነች ስላወቅሁ ነው። ወልዳኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምቆጥራት።»

አለቃ ወደኔ ዞረው «ሦስት ወገን ሲቆጠር ምሳው ይቀዘቅዛል» አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ፣ «ቀጥይ፣ ቀጥይ። እኔም ልያዘው።»

ቆጠረች። እኔ ከ«ይመስገን» በቀር አንድ ቃል አልተናገርሁም፤ እሱን ግን ዛሬ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፤ አቶ ወልደ ጻድቅ ዞረው አዩኝ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ሆኗል። ባምላክ ከደጅ ሲጠራ ሮጦ ገባና በሩ ላይ ተደናቀፈ።

ማታ አልሄደችም። ጓደኛዋ ዘንድ ያለውን ቦርሳዋን አስመጣች። ነገ ጠዋት ከዳኘው ጋር ሐሙሲት፣ የኪዲ መቃብር ድረስ ትሄዳለች። እኔን አልጠየቀችኝም፤ አባትና ልጅ ብቻቸውን መሆን ይገባቸዋል ብዬ እኔም አላነሣሁም።

ጥር 5፣ ሐሙሲት፣ ከዳኘው ሻይ ቤት

ያደረግሁትን እጽፋለሁ። ሳይነጋ ተነሣሁ። መስኮቱን ከፈትሁ። ከመስተዋቱ ጀርባ ያለችውን ቁራጭ አወጣሁ፣ ከተቀደደው በታች ባዶ ወረቀት ለጠፍሁና እርስዎ የጻፉልኝን «እርስ በርሳቸው አንድነት ይኖራቸዋል» በራሴ እጅ ጨመርሁበት። መልሼ ሰካኋት፤ አሁን በመስተዋቱ ፊት በኩል ናት። እንቁላል ቀቀልሁ፣ ለሁለት ሰው። የወንጌላዊትን ነጠላ ተኮስሁ። ስትነሣ ጥርሷን በዚያው ብሩሽ ታጠበች። ለመቃብሩ ጧፍ ሰጠኋት። እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋቸው፣ ስንቁን አቀበልኋቸው፣ ተሰናበትሁና ከአውቶቡሱ ወረድ ብዬ ቆምሁ።

አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ምን ትቆሚያለሽ?» አለችኝ።

«ልሸኛችሁ ነው።»

«እማዬ፣ ለኪዲ ማን ነው የሚነግራት? እኔ አላውቃት፣ እሱ ያለቅሳል።»

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። በእሷና በዳኘው መሐል ነጠላዋን አስቀምጣ ቦታ ይዛልኛለች። ወጣሁና ተቀመጥሁ።